ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ በኋላ፦ የድሮ ሞተርሳይክል ካርቡሬተሮችን ማስተካከልና ማመጣጠን

ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ በሁለተኛው ርግጫ ተነሥቷል። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ግን አይረጋም። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ግማሽ ጋዝ ላይ ደግሞ መሪው እጅ እስኪያደነዝዝ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ብዙ ሰው ካቻቢቴ ያነሣና ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላይ ያገኘውን ብሎን ሁሉ ማዞር ይጀምራል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የገባኝ፣ ካርቡሬተር የሚነካው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። በካርቡሬተር ከሚሳበበው ጥፋት ብዙው ሌላ ቦታ ተደብቆ ይገኛል።

እዚህ የምጽፈው ሁለት ሲሊንደር ኖሮት ለእያንዳንዱ የራሱ ካርቡሬተር ስላለው ሞተር ነው፤ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለት አማል ካርቡሬተር እንደመጣው ትራያምፍ ቦኔቪል ዓይነቱን ማለቴ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ እንደዋለው ሆንዳ ሲቢ750 አራት ኬሂን ካርቡሬተር ካለውም መንገዱ ያው ነው፤ የሚጨምረው ትዕግሥት ብቻ ነው። የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ካላችሁ ቁጥሩን ከእሱ ውሰዱ። እኔ የምሰጠው መነሻ ነው።

መጀመሪያ ሌላውን ጨርሱ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ባለበት የቫልቭ ክፍተቱን ለኩ። ቀጥሎ ፑንቲናው፣ እሳቱ የሚመታበትን ቅጽበት የሚወስነው። ሁለት ፑንቲና ካለው የሁለቱንም ክፍተትና እሳት የሚመታበትን ቅጽበት ለየብቻ አስተካክሉ። አንደኛው ሲሊንደር እሳቱ ትንሽ ቢዘገይበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እናንተ ደግሞ ካርቡሬተሩ የሰነፈ መስሏችሁ ስላይዱን (ጋዝ ሲከፈት የሚነሣውን የአየር በር) ከፍ ታደርጉለታላችሁ። በአንድ ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት ደረባችሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቱ የቱን እንዳመጣ ለመለየት ቀን ይፈጃል።

ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የመጨመቅ ግፊት) ለኩ። አዲስ የፒስተን ፋሻ የገባበት ሞተር ገና ስላልተላመደ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ፤ የሚያሳስበው የሁለቱ መራራቅ ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ካርቡሬተር በማስተካከል አይድንም።

ከዚያ የነዳጁን መንገድ። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ ውስጥ ክፈቱትና ጥቂት አስቀምጡት። ጠርሙሱ ሥር ቡናማ ዱቄት ከተዘቀጠ የነዳጅ ታንከሩ ከውስጥ ዝጓል፤ እሱን ሳታጸዱ ካርቡሬተር ማጽዳት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የድሮው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ይለሰልሳል፣ ያብጣል። ታንከሩ ከዓመታት በፊት ከውስጥ ማሸጊያ ተቀብቶ ከነበረ ያም ሊላጥና ወደ ጄቶቹ (ነዳጅ ተለክቶ ወደሚያልፍባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች) ሊወርድ ይችላል።

መፍታትና ማጽዳት

ሁለት ሳህን አዘጋጁ፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ። የግራውን ዕቃ ከቀኙ ጋር አትቀላቅሉ፤ ለዓመታት አብረው የተፋጩ ክፍሎች ናቸው። ማንኛውንም የማስተካከያ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ፤ ከዚያ ፍቱት። "በቀስታ" ያልኩት በምክንያት ነው። ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ጠበቅ ካደረጋችሁት መቀመጫውን ያሰፋዋል፣ ሰፋ ማለት ደግሞ የካርቡሬተሩ ዕድሜ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ነው።

ሁሉን ካወጣችሁ በኋላ የካርቡሬተር ማጽጃ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ንፉ። መነጽር አድርጉ፤ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ የነፋችሁት በሌላው ወጥቶ ቀጥታ ዓይን ላይ ነው የሚመጣው። የምትፈልጉት ግን ይህንኑ ነው። በሚኒሞው መተላለፊያ የገባው በስላይዱ ሥር ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ክር ቀጥ ብሎ ካልወጣ ገና አልጸዳም። ለሚኒሞ ጄት ብረት መርፌ ወይም ትርፓኖ አታስገቡ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዛችሁ በእሷ ጎርጉሩት፤ መዳብ ከነሐስ ስለሚለሰልስ ቀዳዳውን አያሰፋም።

ካርቡሬተሩ ሥር ባለው ኩባያ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ አውጥታችሁ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። የነሐስ ከሆነና ውስጡ ጭልቅ ጭልቅ ካለ ተበስቷል፣ ቤንዚን ገብቶበታል። የተበሳበትን ለማግኘት ሙቅ ውኃ ውስጥ ድፈቁት፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ የአረፋ ክር የሚወጣበት ቦታ ያሳያችኋል። ከመበየዳችሁ በፊት ግን ቤንዚኑ ጨርሶ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። የተንሳፋፊው ከፍታ በሁለቱም ካርቡሬተር እኩል መሆን አለበት፤ ኩባያው ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ከተለያየ ከላይ የምታደርጉት ማስተካከያ ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

ስላይዱን ባዶው ካርቡሬተር ውስጥ መልሳችሁ በጣት ወዲህ ወዲያ ግፉት። ጥቂት መላወስ ያለ ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ የሚንገላወድ ከሆነ ግን በጎኑ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞውም በምንም ዓይነት አይረጋም። የድሮ አማል ቤቱም ስላይዱም ከለስላሳ ቅይጥ ስለሚሠራ ይህ በሽታ ይበዛበታል። አማል ሌላም ጠባይ አለው፦ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ፊት ሁለቱ ብሎኖች ከልክ በላይ ሲጠብቁበት እንደ ቀስት ይጎብጣል። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አስቀምጡበትና ወደ ብርሃን አዙሩት፤ በሥሩ ብርሃን ካያችሁ መስታወት ላይ በተነጠፈ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ እስኪስተካከል ፈግፍጉት።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አወዳድሩ። የዋናው ጄት ቁጥር፣ የሚኒሞ ጄት ቁጥር፣ የስላይዱ ቁጥር፣ ከስላይዱ ተንጠልጥሎ በሚወርደው መርፌ ላይ ያለችው ቅንጥብ የገባችበት እርከን፣ አንድ በአንድ። የጄት ቁጥር በአምራቹ ይለያያል። ኬሂን ላይ 105 ማለት 1.05 ሚ.ሜ ስፋት ነው፤ አማል ላይ 180 ማለት ደግሞ በደቂቃ የሚያልፈው ነዳጅ በሚሊሊትር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ተመሳሰለ ብላችሁ የአንዱን ለሌላው አትግጠሙ።

ይህን የማወዳደር ሥራ የዘለልኩበት ጊዜ ነበር። ሚኒሞው እንደ ሰዓት ይመታል፣ ሙሉ ጋዝ ላይም ይበራል፤ መሐል ላይ ግን መቀመጫው እግር እስኪያሳክክ ይንቀጠቀጣል። የጋዝ ካቦ ቀየርኩ፣ ቦቢና (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ቀየርኩ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ክዳኖቹን ከፍቼ መርፌዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሳስተኛቸው የአንዱ ቅንጥብ ሁለተኛው እርከን ላይ፣ የሌላው ሦስተኛው ላይ ነበረች። ራሴ ነበርኩ የገጠምኳቸው።

ጠረጴዛ ላይ ማመጣጠን

ሞተሩ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ስላይዶቹን በዓይን እኩል አድርጉ። ሁለት ተመሳሳይ 3 ሚሊ ትርፓኖ ውሰዱና ለስላሳውን ጎናቸውን ከእያንዳንዱ ስላይድ ሥር አስገቡ። የማቆሚያ ብሎኑን (ስላይዱ የሚያርፍበትን፣ የሚኒሞ ብሎንም የሚባለውን) አስተካክሉት፦ ትርፓኖው ሲሳብ ያዝ አድርጎ የሚለቅ፣ ሲለቀቅ ግን በራሱ የማይወድቅ እስኪሆን። ሁለቱም እጅ ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ሲሰጡ ትርፓኖውን አውጡና ሁለቱን ብሎኖች በእኩል ዙር ዝቅ አድርጉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በኋላ ሰዓታት ይቆጥባል።

መግጠምና ካቦ

ጓርኒሲዮኑና ኦሪንጉ አዲስ ይሁኑ። ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ።

ካቦው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጋዙ ሲለቀቅ እጀታው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ የሚሆን ባዶ ላላታ መኖር አለበት። ከሌለ ስላይዱ ማቆሚያው ላይ አያርፍም፣ ካቦው አንጠልጥሎ ይዞታል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ የሚኒሞ ብሎኑን ብታዞሩ ብታዞሩ ምንም ለውጥ የለም። ላላታውን ካገኛችሁ በኋላ የአየር ማጣሪያዎቹን አውልቃችሁ ሁለት ጣት በሁለቱ ስላይዶች ላይ አሳርፉና ሌላ ሰው ጋዙን በጣም ቀስ ብሎ ይክፈት። ሁለቱም ጣት በአንድ ቅጽበት መነሣት አለበት። የዘገየውን ካቦ በማስተካከያው አጥብቁ።

ጆሮም ይረዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ጋዙን በትንሹ ክፈቱና በድንገት ልቀቁት። ስላይዶቹ ሲወድቁ አንድ "ጠቅ" ከሰማችሁ እኩል ናቸው። "ጠ-ጠቅ" ካለ አንዱ ይቀድማል። ጸጥ ባለ ቦታ ይህ ፈተና ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መሪውን እስከ ጫፍ ግራና ቀኝ አዙሩ። ካቦው በጠባብ ቦታ ካለፈ ይወጠራል፣ በኋላ ሞተሩ እየሠራ መሪ ስታዞሩ ዙሩ ከፍ ይላል። አሁኑኑ መንገዱን ቀይሩለት።

ማሞቅና ሚኒሞ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሞቀ ሞተር የሚሠራ ነው። ከቻላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነድታችሁ አሙቁት። ቆሞ ሲሠራ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቶሎ ይግላል፤ ፊት ለፊቱ ትልቅ ቬንቲላተር አቁሙ፣ ሲያስፈልግም አጥፍታችሁ አሳርፉት። ቤት ውስጥ አታስነሡ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው፣ ሽታም የለውም።

ታንከሩን ማንሣት ካስፈለገ ቤንዚን ለያዘ ትንሽ ጠርሙስ ቱቦ አበጅታችሁ ከካርቡሬተሮቹ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ግን ከጋለው ማርሚታ (ጭስ ማውጫ) አርቁት። እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር።

መጀመሪያ ድብልቁን የሚቆጣጠረው ብሎን የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ከስላይዱ ወደ አየር ማጣሪያው ባለው ጎን ከሆነ የአየር ብሎን ነው፤ ሲጠብቅ አየሩን ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ከስላይዱ ወደ ሞተሩ ባለው ጎን ከሆነ ደግሞ የሚቆጣጠረው ወደ ሞተሩ የሚገባውን ድብልቅ ነው፤ ሲላላ ነው ቤንዚን የሚጨምረው። ተቃራኒ ናቸው። ይህን ሳያጣሩ ማዞር ከበሽታው በተቃራኒ መድኃኒት መስጠት ነው።

ሁለቱንም ከተዘጋው 1½ ዙር ከፍታችሁ ጀምሩ። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1200 ዙር ገደማ ላይ አቁሙት። የአንዱን ብሎን በሩብ ዙር ወደ ውስጥ አስገቡና ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፤ ሞተሩ የሚመልሰው ወዲያው አይደለም። ድምፁ እስኪከብድ ቀጥሉ። ከዚያ ወደ ውጭ፣ መንገጫገጭ እስኪጀምር። ይህ ለአየር ብሎን ነው፤ በሌላው ዓይነት ምልክቶቹ ይገለባበጣሉ። በሁለቱ መካከል ሞተሩ ፈጥኖ፣ ረግቶ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተዉት። ዙሩ ከጨመረ በማቆሚያ ብሎኑ መልሱት። ወደ ሌላው ካርቡሬተር ተሻግራችሁ ይህንኑ ድገሙ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ምርጡ ቦታ ከግማሽ ዙር በታች ወይም ከሦስት ዙር በላይ ላይ ከተገኘ የብሎኑ ችግር አይደለም፤ የሚኒሞው ጄት ልኩ አይደለም፣ ወይም ገና አልጸዳም፣ ወይም የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

አየር መግባቱን ለማወቅ ብዙ ሰው የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ስለሆነ እኔ አልመክርም። ውኃ በመርጫ ጠርሙስ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ረጨት አድርጉ፤ ቀዳዳ ካለ ውኃው ለቅጽበት ይዘጋዋል ወይም ይሳባል፣ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል።

በቫኩም ማመጣጠን

መምጠጫው ላይ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሩ በሚወስደው ቱቦ) ትንሽ ብሎን ወይም የጎማ ቆብ ካለ ቫኩም (የሲሊንደሩን ስበት) መለኪያ የሚገጠመው እዚያ ነው። ሁለት ባለመርፌ ማሳያ ያለው መለኪያ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም በየተራ በአንዱ ሲሊንደር ላይ አስገብታችሁ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠታቸውን አረጋግጡ። ርካሽ መለኪያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ እናንተ ካርቡሬተር የምታመጣጥኑ ሲመስላችሁ የምታመጣጥኑት መለኪያዎቹን ይሆናል።

መለኪያ ከሌላችሁ በአራት ሜትር ገደማ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ይሠራል። ቱቦውን በጣውላ ላይ እንደ ረጅም የ"U" ፊደል አጥፋችሁ እሰሩ፣ ታችኛውን ክፍል ለባለሁለት ምት ሞተር በሚሆን ዘይት ሙሉ፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ሲሊንደሮች ላይ ግጠሙ። የሚስበው የበለጠ ሲሊንደር ዘይቱን ወደራሱ ያነሣዋል። ዘይት ከሜርኩሪ ወደ 15 ጊዜ ስለሚቀል፣ በሜርኩሪ 2 ሳ.ሜ የሆነ ልዩነት በዘይት 30 ሳ.ሜ ይሆናል። ለትንሽ ልዩነት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ካለ ግን ዘይቱ ተስቦ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ አመጣጥኑ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በየጎኑ ዘይቱን የሚቀበል ባዶ ጠርሙስ ጣልቃ ብታስገቡ ደግሞ ሳትሳቀቁ ትሠራላችሁ። ዘይቱ በየምቱ ወደላይ ወደታች የሚዘል ከሆነ ቱቦውን በትንሽ መቆንጠጫ ጠበብ አድርጉት፣ ይረጋል።

ሚኒሞ ላይ የበለጠ የሚስበው ማለት ስላይዱ የበለጠ የተዘጋው ማለት ነው። ስለዚህ የእሱን ማቆሚያ ብሎን ትንሽ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ። በአንድ ብሎን ላይ ብቻ አትሥሩ፤ ያለዚያ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። ዘይቱ ሲመጣጠን ጋዙን በደቂቃ እስከ 2500 ዙር ክፈቱና ያዙት። አሁን ከተዛባ ብሎኑን አትንኩ፤ ይህ የካቦው ድርሻ ነው፣ በካቦው ማስተካከያ አርሙት። ከዚያ ወደ ሚኒሞ መልሱና አረጋግጡ። አራት ካርቡሬተር በአንድ ዘንግ ከተያያዙ አንዱ መነሻ ነው፣ አይነካም፤ ሌሎቹ በመካከላቸው ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ወደእሱ ይመጣሉ። በየጊዜው ጋዙን አንድ ጊዜ ከፍቶ መልቀቅን አትርሱ፣ ዘንጉ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ።

መለኪያ የሚገጠምበት ቀዳዳ ከሌለ

ብዙ የድሮ አማል የተገጠመላቸው ሞተሮች የላቸውም። ያኔ አንዱን ሲሊንደር ለየብቻ ማሠራት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ ትርፍ ካንዴላ ሰኩበትና የካንዴላውን ብረት ከሲሊንደሩ ጋር በደንብ አስነኩት። ገመዱን አንጠልጥሎ መተው ቦቢናን ይጎዳል፤ አንድ ቦቢና ለሁለቱም ካንዴላ በሚያገለግልበት ሞተር ላይ ደግሞ ሌላኛውንም እሳት ሊያሳጣው ይችላል። ሁለቱንም ማቆሚያ ግማሽ ዙር ከፍ አድርጉ፣ ያለዚያ በአንድ ሲሊንደር አይቆምም። አስነሡና ዙሩን አዳምጡ ወይም በዙር መለኪያው ያዙት። አጥፉ፣ ገመዱን ቀይሩ፣ ሌላውን ስሙ። ሁለቱ ለየብቻቸው እኩል ዙር ሲሰጡ ማቆሚያዎቹን በእኩል መልሷቸው። የማይሠራው ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ስለሚልክ ሙከራውን አታስረዝሙ።

መንገድ ላይ

ማመጣጠን ሁለቱን እኩል ያደርጋል እንጂ ትክክል አያደርጋቸውም፤ ሁለቱም እኩል ሊሳሳቱ ይችላሉ። የትኛው ክፍል የት እንደሚሠራ ይህን ያዙ፦ ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ጋዝ የሚኒሞው ጄት፣ ከዚያ እስከ ሩብ የስላይዱ ግርጌ ቅርጥ፣ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌው፣ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። "ሲፈጥን ይንተባተባል" ከማለት "ግማሽ ላይ ይንተባተባል" ማለት በሽታውን ግማሽ ነገረ ማለት ነው።

ጋዙን ትንሽ ስትቀንሱለት የሚሻለው ከሆነ አየር በዝቶበት ነበር፤ ሲሞቅ የሚብስበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚሻለው ደግሞ ቤንዚን የበዛበት ነው። ቁልቁል ጋዝ ለቃችሁ ስትወርዱ ማርሚታው ከተኮሰ ወይ የሚኒሞው ድብልቅ ሳስቷል፣ ወይ ማርሚታው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ጋር የሚጋጠምበት አየር ይስባል፤ መጀመሪያ ሁለተኛውን እዩ፣ ርካሹ እሱ ነው። ወደ ከፍተኛ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ በየ1000 ሜትሩ አየሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ድብልቁ በራሱ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ዋናው ጄት አነስ ይበል።

ካንዴላ ለማንበብ ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ በምትፈልጉት ጋዝ ጥቂት ነድታችሁ ፍሪሲዮን ያዙ፣ ሞተሩን በዚያው ቅጽበት አጥፉ፣ ቆማችሁ ካንዴላዎቹን ፍቱ። በሚኒሞ ወደ ቤት ነድታችሁ ካያችኋቸው የምታነቡት ሚኒሞውን ነው። ገለባ መሳይ ቡናማ ደኅና ነው። ጥቀርሻ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ ፍንጥርጣሪ ካለው ወዲያው ቁሙ፣ ፒስተን የሚበሳው በዚህ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከሳሳ ይልቅ ወደ በዛው አዘንብሉ፤ ጥቀርሻ ይጠረጋል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትንም ጻፉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አዲሱ ካቦ ይለጠጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ይረግጣል፣ ፋሻዎቹ ይላመዳሉ፤ ያኔ ቫልቩን፣ ፑንቲናውን፣ የካቦውን ላላታ በዚሁ ቅደም ተከተል እንደገና እዩና ማመጣጠኑን ድገሙት።